መስመር፣ ቀለም፣ ጭቃ፦ የልጆች የሥዕል ትምህርት ከደብረ ወርቅ እስከ ክፍሉ ሰሌዳ

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው አገሩን በሁለት ነገር ያስታውሰዋል፤ በጤፉና በደብሮቹ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም፤ ሁሉም በምሥራቅ ጎጃም ናቸው። ስለ ቅኔያቸው ብዙ ተጽፏል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የአብነት ትምህርት ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋናውን ባለታሪክ በዛብህን ለትምህርት ወደ ዲማ ሲልኩት የሚያውቁትን አገር ነው የጻፉት። ስለ ሥዕላቸው የተጻፈው ግን ያንሳል። በዚያ አገር ልጅ ሥዕልን እንዴት ይማር እንደነበር ደግሞ ከናካቴው የተነሳ አይመስልም።

የሥዕል መሠረታዊ አላባውያን የሚባሉትን፣ ማለትም መስመርን፣ ቅርጽን፣ ቀለምን፣ ልስላሴና ሻካራነትን፣ ብርሃንና ጥላን፣ ቦታን፣ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ተዘርዝረው እናገኛቸዋለን። ተማሪው ይጽፋቸዋል፣ ይሸመድዳቸዋል፣ ፈተና ላይ ይመልሳቸዋል። እኔ የምለው፣ በምሥራቅ ጎጃም እነዚህ ነገሮች ስም ሳይወጣላቸው በፊት ለልጅ እጅ ይሰጡ ነበር። ትምህርት ቤት ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ስሙ ቀደመ፣ ሥራው ዘገየ። ብዙ ጊዜም ሥራው ላይ ሳይደረስ ዓመቱ ያልቃል።

መስመርን ከብራና እንጀምር። ቁም ጸሐፊ የፍየሉን ቆዳ ነክሮ፣ በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቆ ካደረቀ በኋላ ቶሎ ወደ ጽሕፈት አይገባም። በገጹ ዳርና ዳር በወስፌ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘ ጫፍ ያሰምራል። መስመሩ ቀለም የለውም። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት የሚታይ፣ በጣት ሲዳስሱት የሚታወቅ ስርጉድ ነው። ፊደሉ በእርሱ እየተመራ ይሰለፋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከግራር ሙጫ ተበጥብጦ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መነሻ ይቀመጣል። መምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ቀለም የሚያማስል፣ ብራና የሚፍቅ ልጅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገባዋል። አንደኛ፣ መስመር ሳይታይም ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀለም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቱ ስም ከየቱ እንደሚከበር የሚናገር ምልክት ነው። ይህን «የቀለም አገልግሎት» ብሎ የነገረው ሰው የለም። ቀዩን በቦታው ያላዋለ እንደሆነ ግን ይገሠጻል፣ ብራናው ይበላሻል፣ ብራና ደግሞ ውድ ነው።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ ታሪኩ ወደ 15ኛው መቶ ዘመን ይወስደናል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር ካዘዙ ወዲህ የሠዓሊ ሥራ በዛ። በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ሥራው ያለው ፍሬ ጽዮን የዚያ ዘመን ሰው ነው። ጥቂት ቆይቶ ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን፣ እኛ ዘንድ መርቆሬዎስ ተብሎ የተጠራው፣ ዕድሜውን እዚሁ ፈጸመ፤ ሥራውም እስከ ጎጃም ዘለቀ። ደብረ ወርቅ ማርያም ደግሞ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብላ የምትከበር ሥዕል አለቻት። ዳያና ስፔንሰር የተባሉ ተመራማሪ በጎጃም ተዘዋውረው እነዚህን የሉቃስ ሥዕሎችና የብራንካሊዮንን ሥራዎች የሚመለከት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ከፈረንጅ አገር የመጣ ኅትመትም መማሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1590/91 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ከሠራቸው ሥዕሎች ጋር እዚህ ደርሶ፣ የ17ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎቻችን እያዩት በራሳቸው መልክ ገልብጠውታል። የጥላውን ጭረት ትተው መስመሩንና ቀለሙን ነው የወሰዱት። ሲገለብጡ መርጠዋል ማለት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ተማሪውን የሚያስተምረው በሥራው መሐል ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ብዙው የግድግዳ ሥዕል የሚሣለው በጭቃ በተለሰነው የመቅደስ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው። ተማሪው ጨርቁን ይለጥፋል፣ ቀለም ይፈጫል፣ ሙጫ ያሟሟል። መምህሩ በከሰል ንድፉን ያወጣል። ተማሪው ቀሚሱን፣ መደቡን፣ የፈረሱን ገላ ይቀባል፤ ከቀለሙ በኋላ ጥቁሩ መስመር እንደገና ይመለሳል። ፊትና እጅ ለመምህሩ ይቀራል። ከቀሚስ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት ለመሸጋገር ዓመታት ያልፋሉ። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዐይኑ እየታየ ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሓዲ በጎን፣ በአንድ ዐይን። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ የሥዕል ቅርጽ ፍርድ እንደሚያዝል ይረዳል። ዛሬ አንድ የክፍል መምህር «ቅርጽ ስሜትን ይገልጻል» ብሎ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍ ልጁ ምን ሊገባው እንደሚችል አላውቅም። በግድግዳው ላይ አንድ ዐይኑ የተደበቀውን ይሁዳ ያየ ግን ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዚህ ትምህርት የወጡት ሁሉ ደብር ውስጥ አልቀሩም። በቢቸና አካባቢ የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው በዚህ መንገድ ሥዕል ተምረው፣ ክህነት ተቀብለው፣ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ለቤተ ክርስቲያንም ለገበያም የሣሉ ናቸው። ሬይመንድ ሲልቨርማን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው የጻፉትን መጽሐፍ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፋውለር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትሞታል። የቢቸና የአብነት ተማሪ እጅ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዶ ተጠና ማለት ነው።

ከደብሩ ቅጥር ውጭ ያለው ትምህርት ሰፊ ነው፤ ወንድም ሴትም፣ የካህን ልጅም የገበሬ ልጅም ይማረዋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬ ይሠራል። የበቆሎ አገዳ ቀንበርና ሞፈር ይሆናል። ጭቃው ከቀጠነ በሬው ይተኛል፤ ከደረቀ ቀንዱ ይሰበራል። ስለዚህ ልጁ ክብደትና ሚዛንን፣ ሥዕል ከቅርጻ ቅርጽ የሚለይበትን ነገር፣ ከጭቃው ይሰማል። ሻኛው ትልቅ እንዲሆን ከፈለገ እግሩን ማወፈር እንዳለበት ማንም አይነግረውም፤ በሬው ራሱ ወድቆ ይነግረዋል።

ሴት ልጅ ስፌት ትማራለች። እናት ስንደዶና አክርማ ሰጥታ፣ ወስፌ አስጨብጣ ታስጀምራታለች። መጀመሪያ የሚወጣው የሰፌድ መሐል ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። ጠባብ ስለሆነ ሣሩ አልታጠፍ ይላል፣ ወስፌው ጣት ይወጋል። ከዚያ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ አለላው ይገባል። አንድ ቀይ ሦስት ማዕዘን በሌማቱ ዙሪያ እኩል አራት ጊዜ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው መቁጠር አለበት፤ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቁጥሩ ይለወጣል። ያልቆጠረች እንደሆነ የመጨረሻው ማዕዘን ጠቦ ወይም ተጨማዶ ይቀራል፤ እናትም ትፈታዋለች። ድግግሞሽ፣ ሚዛን፣ የቀለም ተቃርኖ የሚባሉት ትምህርቶች ሁሉ እዚያ አሉ፤ ሒሳቡንም ጨምሮ። ስፌትን «የሴት ሥራ» ብለን ከሥዕል ትምህርት ማስወጣታችን ብዙ አጉድሎናል።

ቀለምም ከመደብር ብቻ አልነበረም። እንሶስላ የልጃገረድን እጅ ያቀላል። ቅጠል በወረቀት ላይ ቢሹት አረንጓዴ ይሰጣል፤ የአደይ አበባ ቢጫ ይሰጣል። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ደግሞ የልጆች የሥዕል ወቅት ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ሥለው በየቤቱ ያዞራሉ፤ ዳቦ ወይም ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ይህ ልማድ በተለይ በከተማ የበረታ ነው፤ በሥዕል ትምህርት ታሪካችን ውስጥ ግን ተገቢውን ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ። አንድ ልጅ ለሠፈሩ ሁሉ የሚበቃ ሥዕል ብቻውን አይጨርስም። ስለዚህ ሥራ ይከፋፈላል፤ እጁ የሰላው ንድፍ ያወጣል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል፣ ጽሕፈቱ የሚያምረው «እንኳን አደረሳችሁ» ይጽፋል። ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ የአበባውን ግራና ቀኝ የሚያስተካክል አለ። ንድፉን በመስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ ብርሃኑን እያየ የሚገለብጥም አለ። የደብሩ ሠዓሊና ተማሪዎቹ የሚሠሩበት ሥርዓት፣ መምህር ሳይኖር፣ በየጓሮው ይደገማል። አሁን አሁን ታትሞ የሚሸጥ ሥዕል ገዝቶ የሚያዞር ልጅ በዝቷል። ሳንቲሙ ያው ነው፤ ትምህርቱ ቀረ።

ግድግዳም የልጆች ደብተር ነበር። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃም ቆይተው ነበር፤ በ1933 በኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ የሚጫሩ ሥዕሎችን የሚመለከት ትንሽ መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳተሙ። በከሰል የተጫረ ፈረሰኛ፣ አንበሳ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ለጥናት ይበቃል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ዘመን ጥቂት ነው። እኚሁ ሰው የመሩት የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አንሥቶ ወደ ፓሪስ መውሰዱንም አብሮ ማንሣት ተገቢ ነው። የግድግዳ ጭረታችንን የመዘገበው እጅ የግድግዳ ሥዕላችንንም ወስዷል።

በዓለም ላይ የልጅ ሥዕል እንደ ትምህርት መታየት የጀመረው ብዙም ሳይቀድም ነው። ፍራንዝ ቺዤክ ቪየና ላይ ለልጆች ብቻ የሥዕል ክፍል የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። አርተር ዌስሊ ዳው በ1899 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥዕልን ከመስመር፣ ከብርሃንና ጥላ እና ከቀለም ተነሥቶ ማስተማር እንደሚቻል አሳዩ፤ ዛሬ በየአገሩ መማሪያ መጽሐፍ የምናየው ዝርዝር ከእንዲህ ያለው ሐሳብ ያደገ ነው። ዳው ዝርዝሩን ያወጡት ግን እንዲሸመደድ አልነበረም። ተማሪው አንድ አራት ማዕዘን ወስዶ በመስመር እየከፋፈለ የትኛው አከፋፈል እንደሚያምር በእጁ እንዲፈትን ነበር።

እኛ ዘንድ ዘመናዊው ትምህርት በ1901 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ዋናው ጉዳይ ቋንቋ ነበር። ሥዕል በዘመናዊ መንገድ የተማሩት ቀደምቶች ውጭ ሄደው ነው የተማሩት። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ፣ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ። ሁለቱም ግን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባሕል የወጡ ናቸው፤ የአለ አያት አለቃ ኅሩይ ሠዓሊ ነበሩ። ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታም አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ መጽሐፍ ሲጽፉና ሲያስጌጡ እያየ ነው ያደገው፤ ኋላ ጀርመን ተምሮ ተመልሶ አስተማሪ ሆነ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ከፈቱ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ነው። ይህ ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ዘመናዊ ሠዓሊዎችን ሰጥቷል። ለደብረ ወርቅ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ግን ሩቅ ነበር፤ ነውም።

አንደኛ ደረጃው በራሱ መንገድ ሄደ። በንጉሡም በደርጉም ጊዜ የተማረ ሰው «የእጅ ሥራ» የሚባለውን ክፍለ ጊዜ ያስታውሰዋል፤ ገመድ መግመድ፣ መጥረጊያ ማሰር፣ ከጭቃ ጀበና መሥራት፣ ከክብሪት እንጨት ቤት መገጣጠም። ብዙ ጊዜ ዕቃው ከቤት ይመጣል፤ አንዳንዴም እናት የሠራችውን ሰፌድ «የእኔ ነው» ብሎ ያስረከበ ተማሪ ነጥብ ያገኛል። በደርጉ ዘመን በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ ፔዳጎጂካል ማዕከል ተቋቋመ። ቢቸናም ሞጣም ያኔ አውራጃ ነበሩ። መምህራን ከካርቶን፣ ከቆርኪ፣ ከአገዳና ከሸክላ ለማስተማሪያ የሚሆን ዕቃ ይሠሩበት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ዕቃውን መምህሩ ሠርቶ ተማሪው መመልከቱ ነው። የካርቶኑን ሰዓት የሠራው እጅ ተማረ፤ ያየው ዐይን ሰዓት መቁጠር ቻለ።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሥዕልና ሙዚቃ በመጀመሪያው እርከን በሥነ ውበት ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የክወናና የእይታ ጥበባት ሆነው፣ መጽሐፉ ውስጥ የተግባር ሥራ በብዛት ገብቶበታል። በወረቀት ላይ ያለው አይከፋም። ክፍሉ ግን ሌላ ነው። ተማሪው ብዙ፣ መምህሩ በሌላ ትምህርት የሠለጠነ፣ ቀለም የለ፣ ወረቀት የለ። እንዲህ ሲሆን መምህሩ ወደ ሰሌዳው ይዞራል። በጠመኔ ማንጎ ይሥላል፣ ባንዲራ ይሥላል፤ ተማሪው ይገለብጣል። «የመስመር ዓይነቶችን ጥቀስ» ይልና ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ማንጎ ዛፉ በሌለበት በደጋው ልጅ ፊት ማንጎ መሣል ለምን እንደተለመደ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ መገልበጥን ሁሉ የሚያወግዙ አሉ። ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ልጅ ተዘጋጅቶ የተሰጠውን ንድፍ እየቀባ የራሱን ዓይን እንደሚያጣ አስጠንቅቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ በየመምህራን ማሠልጠኛው ይህ ይደገማል። በመቅደሱ ግድግዳ ሥር የተማሩት ግን ሲገለብጡ ነው ያደጉት፤ ዓይናቸውም አልጠፋም። ልዩነቱ የሚገለበጠው ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የመምህሩ ንድፍ በመምህሩ ዕድሜ ልክ የተለፋበት ነው፤ ተማሪው ሲከተለው የእጅ ውሳኔን ነው የሚከተለው። ቴምፔስታን የገለበጡት አባቶች ጥላውን መተው የቻሉትም ምን እንደሚተዉ ስለሚያውቁ ነው። የጠመኔው ማንጎ ውስጥ ግን ውሳኔ የለም፤ የሚሥለው ራሱ ሠዓሊ አይደለም፣ አይፈረድበትምም። ከዚህ ይልቅ ልጁ የእናቱን ሌማት ይዞ መጥቶ ሦስት ማዕዘኑን ቢገለብጥ፣ ቆጥሮ ቢሣል፣ ከዚያ የራሱን ቢፈጥር፣ በቂ መምህር አጠገቡ አለ ማለት ነው።

በተግባር ሲታሰብ ብዙ አይጠይቅም። ብርሃንና ጥላን ለማስተማር ከምድጃ የወጣ ከሰልና የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይበቃል። ልጁ ከሰሉን በጎኑ ሲያሻሽ ግራጫ፣ ሲጫን ጥቁር ያገኛል፤ አንድ እንቁላል ፀሐይ ላይ አስቀምጦ የጨለመውንና የበራውን ጎን ለይቶ ሊቀባ ይችላል። ለቀለም የቀይ አፈር፣ የቢጫ አፈር፣ የከሰል ዱቄትና ትንሽ የግራር ሙጫ፤ ብሩሹ ጫፉ በጥርስ የታኘከ እንጨት። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ሲደርቅ በጣት ይነሣል፣ ከበዛ ይሰነጠቃል፤ ይህን መጠን ተማሪዎቹ ራሳቸው በሦስት ብርጭቆ እየለያዩ ሞክረው ቢያገኙት ሳይንሱም ሥዕሉም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ለሻካራነትና ለልስላሴ ወረቀትን በቅርፊት፣ በሰፌድ፣ በድንጋይ ላይ አድርጎ በከሰል ማሸት። ለቅርጽ የወንዝ ጭቃ። ለመስመር ደግሞ ወስፌ ባይኖር በደነዘ እሾህ ወረቀት ላይ ማስመርና በላዩ ከሰል ማሸት፤ የተሰረጎደው መስመር ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል ሳይደነቅ የሚቀር ልጅ አላጋጠመኝም።

የሚከብደው ሌላው ነው። ስፌት የምትሰፋ እናት ወይም የደብሩ ሠዓሊ ክፍል ገብተው ለአንድ ሰዓት ቢያስተምሩ ማን ይፈቅድላቸዋል፣ ማንስ አበል ይከፍላቸዋል የሚለውን የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ካልፈታው መምህሩ ብቻውን አይፈታውም። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህም በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ብዙ ልጅም ከክፍል ውጭ ሆኗል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚህ አላመለጠም። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ የጭቃ በሬ መሥራቱን አይተውም፣ እህቱም ስፌቷን ታወጣለች። ክፍሎቹ ተመልሰው ሲከፈቱ የመጀመሪያውን ሳምንት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በዚያ መሐል የሠሩትን ይዘው እንዲመጡ በማድረግ መጀመር ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የመምህሩ ፈቃድና ዕቃው የሚቀመጥበት አንድ መደርደሪያ ነው።